የኮከብ ጥቀርሻ

እ.ኤ.አ. በ1779 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) የቱሉዙ አንትዋን ዳርኪዬ አንድ ጅራታም ኮከብ ሲከታተል፣ ግሪኮች በክራር ስም በሰየሙት የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ደብዘዝ ያለ ክብ ነገር አየ። ስፋቱ ጁፒተርን የሚያህል፣ መልኩም እየፈዘዘ የሚሄድ ፕላኔት የሚመስል ነው ሲል መዘገበው። ዛሬ የቀለበት ኔቡላ የሚባለው ይኸው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዊልያም ኸርሸል እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ፣ ከመኖሪያ ቤቱ ጓሮ ሆኖ ዩራነስን አገኘ። በቴሌስኮፑ ውስጥ የምትታየው ትንሽ፣ ክብ፣ አረንጓዴ ቀመስ ገጽ በዓይኑ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ሰማዩን ሲያስስ እንዲያ ያለ ክብ ገጽ ያላቸው ጭጋጋማ ነገሮች እየገጠሙት ሄዱ፤ «ፕላኔታሪ ኔቡላ» የሚል ስምም አወጣላቸው። ስሙ በ1780ዎቹ ወደ ሥነ ፈለክ ገባ፤ እስካሁን አልወጣም።

ስሙን ከሥሩ እንየው። ኔቡላ በላቲን ጉም ነው። ከግሪኩ ኔፌሌና ከጀርመኑ ኔበል ጋር አንድ ዘር ሲሆን ሁሉም በጉም፣ በጭጋግና በደመና መካከል ይመላለሳሉ፤ በእኛ በኩል ደግሞ የግዕዙ ጊሜና የአማርኛው ጉም አሉ። ፕላኔት ግሪክ ነው፤ ተቅበዝባዥ ማለት ነው። ሌሎቹ ከዋክብት ቦታቸውን ሳይለቁ በኅብረት ሲዞሩ እነዚያ ጥቂቶቹ በመካከላቸው ወዲያ ወዲህ ስለሚሉ የተሰጠ ስም ነው። ታዲያ ኸርሸል ያያቸው ነገሮች ጉምም አይደሉም፣ ከተቅበዝባዦቹም ጋር ምንም አያገናኛቸውም። እርሱ ራሱ ጥርጣሬ ያደረበት ቀን ይታወቃል፤ ኅዳር ወር ላይ፣ 13 ኖቬምበር 1790። ዛሬ ኤን.ጂ.ሲ. 1514 ተብሎ በሚመዘገበው ጭጋግ መካከል አንዲት ኮከብ ቁልጭ ብላ ታየችው። እስከዚያ ድረስ ጭጋግ የሚመስለው ሁሉ ርቀት ያደባለቀው የከዋክብት መንጋ ነው ብሎ ያምን ነበር። ይኸኛው ግን በአንዲት ኮከብ ዙሪያ ያለ የሚያበራ ፈሳሽ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። «ፈሳሽ» የሚለውን «ጋዝ» ብለን ብናነበው አልተሳሳተም።

እውነቱ ይህ ነው። እንደ ፀሐያችን ያለች፣ ወይም እስከ ስምንት ፀሐይ የምትመዝን ኮከብ በዕድሜዋ መጨረሻ ታብጣለች፤ የላይኛውን አካሏን በነፋስ መልክ ወደ ጠፈር ታወጣለች። የቀረው እምብርት ከ30,000 እስከ 200,000 ዲግሪ የሚግል ስለሆነ በአልትራቫዮሌት ጨረሩ ያንን የወጣውን ጋዝ ያበራዋል። ጋዙ በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየሰፋ ይሄድና በጥቂት አሥር ሺህ ዓመታት ውስጥ ይበተናል። ስለዚህ የነገሩ ባለቤት ኮከብ ናት።

እዚህ ላይ የሴማውያን ቋንቋዎች ያቆዩልን አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ኮከብ የግዕዝም የአማርኛም ቃል ነው፤ በዕብራይስጥ ኮኻቭ፣ በአካድኛ ከከቡ፣ በዓረብኛ ከውከብ ይባላል። ዓረብኛ ግን በዘመናዊ አጠራሩ ኮከብን «ነጅም» ብሎ፣ ከውከብን ለፕላኔት ሰጠው። በዚህም የተነሳ ዓረብኛ ፕላኔታሪ ኔቡላን «ሰዲም ከውከቢ» ብሎ ሲተረጉም፣ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚሰማው «ኮከባዊ ጭጋግ» ነው። ዓረቡ የአውሮፓውያኑን ስሕተት በታማኝነት ተርጉሞ ሳለ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ቃሉ ታርሞ ይገባል። ፈለክ የሚለውም ቃላችን ከዓረብኛው ፈለክ ጋር አንድ ነው፤ እዚያ የሚያመለክተው የሰማይ አካላት የሚዞሩበትን ክበብ ነው፤ እኛ ግን ክበቡን ትተን ዟሪውን ራሱን ፈለክ አልነው። ቃላት እንዲህ ከቦታ ወደ ነገር፣ ከነገር ወደ ጎረቤቱ ይሸጋገራሉ። ሲሸጋገሩ አልፎ አልፎ እውነት ላይ ያርፋሉ።

በ29 ኦገስት 1864 ዊልያም ሀጊንስ ለንደን አጠገብ ካለው የግል መመልከቻው ብርሃን የሚተነትን መሣሪያውን የድመት ዓይን ወደሚባለው ኔቡላ አዞረ። የከዋክብት ብርሃን ሲተነተን እንደ ቀስተ ደመና የተያያዘ ኅብር ነው። ሀጊንስ ያየው ግን ጥቂት ብቸኛ ብሩህ መስመሮችን ነበር፤ ጋዝ ብቻ የሚያወጣው ዓይነት ብርሃን። ኸርሸል የጠረጠረው በአንድ ሌሊት ተረጋገጠ። ነገር ግን ከሁሉ የደመቁት ሁለቱ አረንጓዴ መስመሮች በምድር ላይ ከሚታወቅ ከየትኛውም ንጥረ ነገር ጋር አልገጠሙም። ያኔ እንዲህ ያለው ነገር ሲያጋጥም አዲስ ንጥረ ነገር ማሰብ ያስኬድ ነበር፤ በ1868 የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ የታየው ያልታወቀ ቢጫ መስመር ሂሊየም ተብሎ ነበርና፤ ከሄልዮስ፣ ከግሪኩ ፀሐይ። ዊልያም ራምዚ በ1895 ሂሊየምን ከምድር ማዕድን ሲያወጣ ስሙ ሥጋ ለበሰ። የአረንጓዴው መስመር ባለቤትም በዚያው ልማድ ከኔቡላ «ኔቡልየም» ተብሎ ይጠባበቅ ጀመር።

ጥበቃው ከንቱ ነበር። የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ እየሞላ ሲሄድ ለኔቡልየም የሚሆን ባዶ ቦታ ጠፋ። በ1927 ካሊፎርኒያ ውስጥ አይራ ቦወን መልሱን አገኘ፤ መስመሮቹ ሁለት ኤሌክትሮን የተነጠቀ ኦክስጅን የሚያወጣቸው ናቸው። አቶሙ ይህን ብርሃን ለማውጣት ሳይነካ በአሥር ሰከንዶች የሚቆጠር ጊዜ መቆየት አለበት። በዚያ ዘመን ምድር ላይ ምርጥ በሚባለው የቤተ ሙከራ ባዶ ዕቃ ውስጥ እንኳ ሌላ አቶም ከዚያ በፊት ይገጨው ነበር። ኔቡላው ውስጥ ግን በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ጥቂት ሺህ ቅንጣት ብቻ ስላለ አቶሙ ጊዜ ያገኛል። ፊዚክስ እነዚህን መስመሮች «ክልክል» ይላቸዋል፤ እኔ በግሌ ይህን ስም አልወደውም። የተከለከለ ነገር የለም፤ ትዕግሥት የሚያስፈልገው ነገር ነው ያለው። ኔቡልየም የተባለው እንግዳ ስንተነፍሰው የኖርነው ኦክስጅን ሆነ፤ ኦክስጅን የሚለውም ስም ራሱ የስሕተት ልጅ ነው። ላቯዚዬ ስሙን ከግሪክ ያወጣው «አሲድ ወላጅ» ለማለት ነበር፤ አሲድ ሁሉ ኦክስጅን ያለበት መስሎት። ጨው ነክ አሲዶች ኦክስጅን እንደሌላቸው ኋላ ተረጋገጠ፤ ስሙ ግን ቀረ።

እንግዲህ ብርሃኑን ማንበብ ከተቻለ የጋዙን ቅመም መቁጠር ይቻላል። አንድ ሚሊዮን የሃይድሮጅን አቶም ባለበት አንድ መቶ ሺህ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ሂሊየም፣ ጥቂት መቶ ኦክስጅን ይገኛል፤ ካርቦን፣ ናይትሮጅን፣ ኒዮን፣ ድኝና አርጎን ይከተላሉ። የሥነ ፈለክ ሰዎች ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም በስተቀር ሁሉንም በጅምላ «ሜታል» ይላሉ። ኦክስጅን ብረታ ብረት፣ ኒዮንም ብረታ ብረት! ኬሚስት ይህን ሲሰማ ይቆጣል። ቃሉ ሲመረመር ግን ያን ያህል አያስቆጣም። የግሪኩ ሜታሎን መጀመሪያ የሚያመለክተው የማዕድን ጉድጓድን ነው፤ ከጉድጓዱ የወጣው ነገር የጉድጓዱን ስም ወረሰ። የእኛው ማዕድንም ከዓረብኛው መዕዲን ጋር አንድ ሆኖ ይህንኑ መንገድ ሄዷል፤ እዚያም ቃሉ ጉድጓዱንም ከእርሱ የሚወጣውን ነገርም ይሸፍናል። በዚህ ዐይን ካየነው የኮከብ «ሜታል» ብረት ሳይሆን ከኮከብ ጉድጓድ የወጣ ነገር ነው፤ ማዕድን ብለን ብንተረጉመው የተሻለ ይገልጸዋል።

ብረት ራሱ ከዚህ ማዕድን ውስጥ ጎድሎ መገኘቱ ደግሞ የነገሩ ቁልፍ ነው። (ቃሉም ተሸጋጋሪ ነው፤ በግዕዝ ብርት መዳብ ወይም ነሐስ ሲሆን ኀፂን የሚባለው ነው ዛሬ ብረት የምንለው።) የፕላኔታሪ ኔቡላዎች ጋዝ ሲለካ ሊኖር ከሚገባው ብረት አብዛኛው አይታይም። ጠፍቶ አይደለም፤ ጠጣር ሆኖ ነው። ብርሃን የሚሰጠው ጋዝ ሆኖ የቀረው ብቻ ስለሆነ ወደ ቅንጣት የገባው ከቆጠራው ያመልጣል። በተቃራኒው አርጎን በጠጣር አይያዝም፤ ኮከቧም በእድሜዋ አትነካካውም። ስሙ በግሪክ ሰነፍ፣ ሥራ የማይሠራ ማለት ነው፤ ሬይሊና ራምዚ በ1894 ሲያገኙት ከምንም ጋር ስላልተዋሐደላቸው የሰጡት ነው። በኔቡላ ጥናት ግን ይህ ሰነፍ ምስክር ነው፤ ኮከቧ ስትወለድ የነበራትን ቅመም ሳይለውጥ ይናገራል።

የለወጠችው ደግሞ አለ፤ ካርቦን። ላቲኑ ካርቦ ከሰል ነው። ግዕዝ ፍሕም ይላል፤ ከዓረብኛው ፈሕም ጋር ዘመድ ነው፤ አማርኛ ሐውን አጥፍቶ ፍም አደረገው፤ በዚያውም ትርጉሙን ከከሰል ወደ ተቀጣጠለው ከሰል አጠበበው። ኮከብ ውስጥ ሦስት የሂሊየም እምብርቶች ተጣብቀው ካርቦን ይሠራሉ፤ ቀጥሎ የሚፍለቀለቀው የላይኛው አካሏ ወደ ታች እየጠለቀ ያንን ካርቦን ወደ ገጿ ያወጣዋል። ይህ መሆኑን ያሳየን ማስረጃ ስሙ ሊረሳ የማይገባው ንጥረ ነገር ነው። በ1937 ፓሌርሞ ውስጥ የተገኘው ቴክኒሺየም ስሙን ያገኘው ከግሪኩ «በእጅ የተሠራ» ነው፤ ሰው ሠራሽ የመጀመሪያው ንጥረ ነገር ነበርና። እጅግ ዕድሜ ያለው ዓይነቱ እንኳ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ስለሚፈራርስ ተፈጥሮ ውስጥ አይጠበቅም ነበር። በ1952 ፖል ሜሪል በሚያረጁ ቀይ ከዋክብት ብርሃን ውስጥ አገኘው። በእጅ የተሠራው ነገር ያለ እጅ ይሠራል፤ ከዋክብቱ አሁንም ንጥረ ነገር እየፈጠሩ ናቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጠጣሩ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱ ነው። በ1967 የኢንፍራሬድ መለኪያ ወደ ኤን.ጂ.ሲ. 7027 ሲዞር የሞቀ ጋዝ ብቻ ሊሰጥ ከሚችለው እጅግ የበለጠ ሙቀት ተገኘ። በጋዙ ውስጥ ደቃቅ ጠጣር ቅንጣቶች አሉ፤ የኮከቧን ብርሃን ይውጡና በሙቀት መልክ መልሰው ያወጡታል። እንግሊዝኛ «ደስት» አላቸው፤ የአማርኛ ጽሑፎችም ተከትለው «አቧራ» አሉ።

አቧራ ማለት ከመሬት የተነሣ ነው። ትልቅ ነገር ተፈጭቶ፣ ተረግጦ፣ ተፍቆ የደቀቀ ነው። ብናኝም እንደዚያው ነው፤ ቦነነ ከሚለው ግስ ይወጣል፤ የሚቦን ነገር ቀድሞ መሬት ላይ መኖር አለበት። ትቢያም ከእግር ሥር ነው። ግዕዝ ለደቃቅ አፈር ጸበል የሚል ቃል ነበረው፤ ዛሬ ያ ቃል በአፋችን የተባረከ ውኃ ሆኗል። ሁሉም ቃሎቻችን ትልቅ ነበረ፣ ደቀቀ ይላሉ። ኮከብ ዘንድ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የሚፈጭ ድንጋይ የለም። ከኮከቧ የሚወጣው ጋዝ ሲርቅ ይቀዘቅዛል፤ ወደ 1,500 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲወርድ አቶሞቹ ይያያዛሉ፤ ጥቂቶች ይሆናሉ፣ ይበዛሉ፣ ቅንጣት ይሆናሉ። መጠናቸውም ቢሆን የአቧራ አይደለም፤ አብዛኞቹ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ያንሳሉ፤ ይህ የጢስ ቅንጣት መጠን ነው። ስለዚህ ነገሩ አቧራ ሳይሆን ጢስ ነው።

የሚገርመው፣ የእንግሊዝኛው ቃል ከሥሩ ይህን ያውቅ ነበር። ደስት የጀርመንኛው ዱንስት እኅት ናት፤ ዱንስት እንፋሎት፣ ጭጋግ ነው። የሁለቱም ጥንታዊ ሥር ጢስንና እንፋሎትን ያመለክት ነበር፤ የላቲኑ ፉሙስ፣ ጢስ፣ ከዚያው ግንድ ይቆጠራል። እንግሊዝኛ ቃሉን ወደ ወለልና ወደ መደርደሪያ አወረደው እንጂ ቃሉ ከአየር ነው የመጣው። አማርኛም ቢሆን በስሙ የጠፋውን በግሱ ይዞታል፤ አቧራው ጨሰ እንላለን፤ ጢስን ያስገኘው ግስ ለአቧራ ይሠራል።

ከጢሱ ውስጥ ምን እንደሚገኝ የሚወስነው አንድ ቀላል ስሌት ነው። ካርቦንና ኦክስጅን ሲቀዘቅዙ አንድ ለአንድ ተጣምረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናሉ። ይህ ሞለኪውል እጅግ ጥብቅ ስለሆነ በቁጥር ያነሰው ሁሉ በእርሱ ይታሰራል፤ የተረፈው ነው ቅንጣት የሚሠራው። ኩራዝ ክሩ ረዝሞ አየር ሲያንሰው መስተዋቱን እንደሚያጠቁረው፣ ካርቦኗ ከኦክስጅኗ የበለጠ ኮከብም ጥቀርሻ ታወጣለች። ለዚህ አማርኛ የተዘጋጀ ቃል አለው። ጥቀርሻ ከጥቁር ጋር ሥር ይጋራል፤ ጣራ ላይ፣ ድስት ቂጥ ላይ ከጢስ ተለይቶ የሚጣበቀው ነው፤ ማንም ፈጭቶት አይደለም፣ ከጋዝ ጠንክሮ ነው። የኮከቡን ነገር ከዚህ አስተካክሎ የሚገልጽ ቃል እኔ አላውቅም።

ማስረጃውም ከቃሉ ጋር ሄደ። በ1973 በኤን.ጂ.ሲ. 7027ና በመሰሎቹ ብርሃን ውስጥ ባለቤታቸው ያልታወቀ የኢንፍራሬድ ድምቀቶች ታዩ። በ1984ና በ1985 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ፈረንሳይ ሌላው አሜሪካ፣ ባለቤታቸው ብዙ ቀለበት ያላቸው የካርቦን ሞለኪውሎች እንደሆኑ ሐሳብ አቀረቡ፤ በናፍጣ ጢስና በተቃጠለ ሥጋ ላይ የሚገኙት ናቸው። ኬሚስቶች «አሮማቲክ» ይሏቸዋል፤ አሮማ በግሪክ ቅመም ነው፤ መጀመሪያ የታወቁት ዘመዶቻቸው መዓዛ ነበራቸውና።

በዚያው በ1985 ሃሪ ክሮቶ በካርቦን ከዋክብት ዙሪያ የሚሆነውን ለማስመሰል ሂዩስተን ሄዶ ከሮበርት ከርልና ከሪቻርድ ስሞሊ ጋር ግራፋይትን በሌዘር አተነነ። ስልሳ የካርቦን አቶሞች እንደ ኳስ የተሰፉበት ሞለኪውል ወጣ፤ ሦስቱንም በ1996 ለኖቤል አበቃቸው። ስሙን ከአርክቴክቱ ባክሚንስተር ፉለር አወጡት፤ በ1967 ሞንትሪያል ላይ ያቆመው ጉልላት በዚያው ጥበብ የተሠራ ነበርና። ፉለር በእንግሊዝኛ የሙያ ስም ነው፤ የሱፍ ጨርቅ የሚያጥብና የሚያጠብቅ ሰው። የጥቀርሻ ልጅ የልብስ አጣቢ ስም ወረሰ። በ1990 ክሬችመርና ሃፍማን ደግሞ የጠፈሩን ቅንጣት ለመረዳት በሂሊየም ውስጥ ጥቀርሻ ሲሠሩ ሞለኪውሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በሚታይ መጠን አወጡት። ለሰማዩ ነገር ተብሎ የተሠራው ጥቀርሻ ለኬሚስቶች ሀብት ሆነ። በ2010 ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያየው ብርሃን ሲተነተን ቲሲ 1 በተባለ ኔቡላ ውስጥ ባለ ስልሳውና ባለ ሰባው ኳስ ተገኙ። ኔቡላው ያለው ላቲኖች መሠዊያ በሚሉት የከዋክብት ስብስብ ነው።

ጥቀርሻው ምድርም ደርሷል። በ1969 አውስትራሊያ፣ መርቺሰን በተባለ ስፍራ ከወደቀው ድንጋይ ውስጥ ከፀሐይ በፊት የተሠሩ የሲሊኮን ካርባይድና የግራፋይት ቅንጣቶች ተለይተዋል፤ ሲሊኮን ካርባይዶቹ አብዛኞቹ ከካርቦን ከዋክብት የወጡ ናቸው፤ በ2020 ከታተመው ጥናት ጥቂቶቹ ሰባት ቢሊዮን ዓመት ያህል እንደሆናቸው ታውቋል። ግራፋይት የሚለውን ስም ቨርነር በ1789 ያወጣው ከግሪኩ «ጻፈ» ነው፤ የእርሳስ እምብርት ስለሆነ። የእኛም የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለማቸውን የሚያሰናዱት ከጥቀርሻ ነበር። ካርቦን በሁለቱም አገር የጽሕፈት ነገር ነው።

ኦክስጅኗ የበለጠ ኮከብ ግን ጥቀርሻ የላትም፤ ያንን ልሸፋፍነው አልፈልግም። እርሷ የምታወጣው ሲሊኬት ነው፤ ከላቲኑ ሲሌክስ፣ ከእኛው ባልጩት። ከነዚህ አንዱ ፒሮክሲን ይባላል፤ ፈረንሳዊው አይዊ በ1796 «የእሳት እንግዳ» ሲል የሰየመው ነው፤ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያገኘው በአጋጣሚ የገባ መስሎት። ለዚህኛው ቅንጣት የባልጩት ጢስ እንጂ ጥቀርሻ አይባልም። በጊንጥ ስብስብ ያለው ኤን.ጂ.ሲ. 6302 ደግሞ ሁለቱንም አቀላቅሎ ይዟል፤ የአሮማቲኮቹን ድምቀትም፣ የጠራ ክሪስታል የሆነ ሲሊኬትም። ለሁለቱ የጋራ ስም ሲያስፈልግ የመማሪያ መጻሕፍት አቧራ የሚሉትን ትተው ጢስ ቢሉ እመርጣለሁ።